ጥርስ ውስጥ የተሞላው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ

(ለአጠቃላይ አድማጭ ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ። የእረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለ ጥርስ ለመስማት በመምጣታችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሩት ካናል ነው። ስለ ሕመሙ ግን አይደለም፤ ስለ ሕመሙ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ ማውራት የፈለግሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ከአምስት ዓመት፣ ከአሥር ዓመት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ጥርስ የት ነው ያለው? አፍ ውስጥ አለ ወይስ ተነቅሏል? ካለስ ሥሩ ጤነኛ ነው? አሁን አሁን ሰው ክሊኒክ ሲገባ «በምንድን ነው የምትሞሉት?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። መጠየቁ ጥሩ ነው። ማስታወቂያው ላይ «በሙቀት የሚሞላ»፣ «በባዮሴራሚክ የሚሞላ» እየተባለ ስለሚነገር ግን የጥርሱ ዕድሜ በሙሉ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል። ዋጋውም አንዳንዴ በዚሁ ይለያያል።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ደህና ከሚባሉት የአሞላል ዘዴዎች መካከል የትኛው ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ለጥርሱ ረጅም ዕድሜ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ትልቁ ድርሻ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ እንዴት ተጸዳ፣ እስከ የት ድረስ ተሞላ፣ ከላዩስ ምን ተደረገበት በሚለው ላይ። ይህን የምለው ደግሞ በግምት አይደለም። ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው፣ ራጅ እያነሱ፣ አንድ በአንድ የቆጠሩ ሐኪሞች አሉ። የእነሱን ሥራ ነው ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ጥርስ ውስጡ ባዶ አይደለም። መሃሉ ላይ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ፤ በተለምዶ ሁሉንም ጠቅልለን «ነርቩ» እንለዋለን። ይህ ሥጋ በቀጫጭን ቦዮች አድርጎ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል፤ እዚያ ከመንጋጋ አጥንቱ ጋር ይገናኛል። ጥርሱ ተቦርቡሮ ባክቴሪያ እዚህ ውስጥ ከገባ ሥጋው ይሞታል። ከዚያ ባክቴሪያው በሥሩ ጫፍ በኩል አጥንቱን ያስቆጣዋል፤ አጥንቱ ይሸረሸራል፣ መግል ይቋጥራል፣ ራጅ ላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ሩት ካናል ማለት ያንን ቦይ ከፍቶ ማጽዳት፣ ማጠብ፣ መሙላትና ከላይ መዝጋት ነው። አራት ሥራ ነው። ሰው የሚያስታውሰው መሙላቱን ብቻ ነው።

የጥፋቱ ምንጭ ባክቴሪያ መሆኑን በግልጽ ያሳየው ሙከራ የተሠራው በ1965 አሜሪካ ውስጥ ነው። ካኬሃሺ፣ ስታንሊ እና ፊትዝጄራልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት አይጦች ወሰዱ። አንዶቹ እንደማንኛውም አይጥ ያደጉ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ጀርም በሌለበት ክፍል ያደጉ ናቸው። የሁለቱንም ጥርስ ቦርቡረው ነርቩን ገልጠው ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ነርቫቸው ሞተ፣ ሥራቸው መግል ያዘ። ጀርም የማያውቁት አይጦች ግን የምግብ ፍርፋሪ እየገባበት እንኳን ነርቩ አልሞተም፤ ጭራሽ ጥርሱ ራሱን በአዲስ ጠንካራ ድልድይ ሸፈነ! የተከፈተው ቀዳዳ ያው ነው፣ ምግቡ ያው ነው፣ ልዩነቱ ባክቴሪያው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሩት ካናል የምናወራው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

እንግዲህ አስቡት። ነቀዝ የገባበት ጎተራ ሳይጸዳ በላዩ ላይ ምርጥ እህል ቢሞሉበት ምን ዋጋ አለው? የእህሉ ጥራት አያድነውም።

ማጽዳቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቦዩ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። ዋልተር ሄስ የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በሺዎች በሚቆጠሩ የተነቀሉ ጥርሶች ውስጥ ጎማ ሞልቶ፣ ጎማውን አጠንክሮ፣ ጥርሱን ደግሞ በአሲድ አሟሙቶ የውስጡን ቅርጽ አውጥቶ አሳይቷል። የወጣው ቅርጽ ጉድ ያሰኛል። ቅርንጫፍ አለው፣ መረብ አለው፣ አንዱ ከሌላው በቀጭን መስመር ይገናኛል። በ2001 የታተመ ሌላ የዙሪክ ጥናት በጥቃቅን ሲቲ ስካን ሲያየው፣ ሐኪሙ በየትኛውም መሣሪያ ቢሠራ ከቦዩ ግድግዳ 35 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውን መሣሪያው ጭራሽ አይነካውም። ስለዚህ የሚያጸዳው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ደግሞ የምታውቁት ነገር ነው፤ በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ደጋግሞ ሲያጥብላችሁ ጊዜ እያባከነ አይደለም። በእኔ እምነት ከሥራው ሁሉ ዋናው ያ ነው፤ ግን ራጅ ላይ አይታይም፣ ማስታወቂያም አይሠራለትም።

አሁን ወደ መሙያው ልምጣ፤ ታሪኩ ራሱ ብዙ ያስተምራል።

እስካሁን ዓለም ላይ በብዛት የሚሞላው ጉታ ፐርቻ በሚባል ነገር ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣ፣ ጎማ የሚመስል ሙጫ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባሕር ሥር የተዘረጉት የቴሌግራም ገመዶች የተሸፈኑት በእሱ ነበር፤ የባሕር ውኃ አያበላሸውም። ቦውማን የሚባል የሚዙሪ የጥርስ ሐኪም በ1867 የሥር ቦይ በእሱ ሞልቶ አሳየ። ዛሬ አፋችሁ ውስጥ የሚገባው ቀይ ወይም ብርቱካናማ ስንጥር አብዛኛው ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ ጉታ ፐርቻው ራሱ አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ብቻውን አይጣበቅም፤ ሲለር ከሚባል ማሸጊያ ጋር ነው የሚገባው። በጣም አስፈላጊው ጠባዩ ግን ሌላ ነው፤ ነገሩ ቢበላሽ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። በሙቀት ወይም በማሟሟያ ለስልሶ ይወጣል፣ ጥርሱ እንደገና ይጸዳል። ይህን አስታውሱልኝ።

ምክንያቱም ጉታ ፐርቻን ለመተካት ከተሞከሩት አንዳንዶቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው።

በ1930ዎቹ የብር ስንጥር መጣ። ቀጭን ነው፣ ሲገፉት አይጨማደድም፣ ጠማማ ቦይ ውስጥ እንኳን ተገፍቶ ይገባል። ራጅ ላይ ሲታይ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ! ሐኪሞች በጣም ወደዱት። ችግሩ ስንጥሩ ክብ ነው፣ ቦዩ ግን ክብ አይደለም፤ በዙሪያው ክፍተት ይቀራል። በክፍተቱ ፈሳሽ ሲገባ ብሩ ይዝጋል፣ ዝገቱ ደግሞ በሥሩ ጫፍ ያለውን ሕዋስ ይመርዛል። ይህ የታወቀው በዓመታት ክትትል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር።

ከዚያ ደግሞ ፓስታዎቹ አሉ። ሳርጀንቲ የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ያስፋፋው ፓስታ ፓራፎርማልዴይድ ነበረበት። ሐሳቡ አጓጊ ነው፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ስለዚህ ብዙ ማጽዳት አያስፈልግም፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ፎርማሊን የሚገድለውን አይመርጥም። ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ መንጋጋው ነርቭ የደረሰባቸው ሰዎች ከንፈራቸው ለዘለቄታው የደነዘዘባቸው አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አልሰጠውም፣ የአሜሪካ የሥር ሕክምና ስፔሻሊስቶች ማኅበርም አጥብቆ ይቃወመዋል።

የዚህ የቅርብ ዘመድ በሶቪየት ኅብረት፣ በምሥራቅ አውሮፓ፣ በቻይናና በሕንድ በሰፊው የተሠራበት የሪዞርሲን እና ፎርማሊን ድብልቅ ነው። ጥርሱን ቀይ ወይም ሮዝ ያደርገዋል፤ በዚህም የተነሳ በሙያው «የሩሲያ ቀዩ» ይባላል። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተማራችሁ ወይም እዚያ ጥርሳችሁን የታከማችሁ ካላችሁ፣ አንድ ጥርሳችሁ ቀላ ብሎ ካያችሁት ለሐኪማችሁ ንገሩት። ይህ ድብልቅ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ማሟሟያ የለውም ማለት ይቻላል። ሕመም ቢነሳ እንደገና ከፍቶ ማጽዳት በጣም ከባድ ነው፣ አንዳንዴም አይቻልም።

አራተኛው ታሪክ ቅርብ ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ። በ2004 አካባቢ ሬዚሎን የሚባል አዲስ መሙያ ወጣ። ፖሊስተር ነው። ከማሸጊያው ጋር ይጣበቃል፣ ማሸጊያው ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል፣ ሁሉም አንድ ወጥ አካል ይሆናል፣ ቀዳዳ አይኖርም ተባለ። ላቦራቶሪ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ጥሩ ነበሩ፤ ስፔሻሊስቶችም በደስታ ተቀበሉት፣ ጉታ ፐርቻ ያለፈበት ነገር ነው መባል ተጀመረ። ቆይቶ ግን ፖሊስተሩ ባክቴሪያ በሚያወጣቸው ኢንዛይሞች ሊፈርስ እንደሚችል ታየ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ተሞልተው የነበሩ ጥርሶች ተመልሰው ሲታዩ፣ የሬዚሎኖቹ የመውደቅ ዕድል በጉታ ፐርቻ ከተሞሉት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዕቃው ከገበያ ወጣ። ጥርሱ ውስጥ የቀረበት ሰው ግን አለ። እዚህ ላይ ስሜቴን አልደብቅም፤ ይህ ነገር ያሳዝነኛል። የላቦራቶሪ ውጤት ሳምንታት ይፈጃል፣ የሰው ጥርስ የሚቆየው አሥርተ ዓመታት ነው። የሁለት ዓመት ክትትል እንኳን ያልታየለትን ነገር በሺዎች ጥርስ ውስጥ ማስገባት ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ፤ ጉታ ፐርቻን በቀዝቃዛው ወይስ በሙቀት?

ቀዝቃዛው ዘዴ አንድ ዋና ስንጥር በማሸጊያ ተነክሮ ይገባል፣ ከዚያ በጎኑ በቀጭን ብረት ቦታ እየተከፈተ ሌሎች ቀጫጭን ስንጥሮች ይጠቀጠቃሉ። በርካሽ መሣሪያ የሚሠራ፣ ዓለም ላይ በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት ዘዴ ነው። የሙቀቱን ዘዴ ያስፋፋው ሺልደር የሚባል የቦስተን ሐኪም ነው፤ በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ ጉታ ፐርቻውን እያሞቁ ከላይ ወደ ታች መጠቅጠቅ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ይሞላል ብሎ ተከራከረ። ራጁ ላይ የጎን ቅርንጫፎች ነጭ ሆነው ሲታዩ በእርግጥ ያምራል። ሐኪሞች ፎቶውን ለጓደኞቻቸው ይልካሉ። እኔም ሳየው ደስ ይለኛል።

ታዲያ ለሕመምተኛው ምን ለውጥ አመጣ? በ2007 የታተመ የቻይና ተመራማሪዎች ሥራ አሥር ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ አየ። ከሥራው በኋላ በሚሰማ ሕመም ልዩነት የለም። በረጅም ጊዜ ውጤትም ልዩነት አልተገኘም። አንድ ነገር ብቻ ተለየ፤ በሙቀት ሲሞላ መሙያው ከሥሩ ጫፍ አልፎ የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ሌላ ወገን የሚያነሳው ጥናት ስላለ እሱንም በሐቀኝነት ላምጣው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ የተጀመረ፣ በአራት ዙር የተሠራ፣ ሰዎችን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የተከታተለ ትልቅ ሥራ አለ። በአጠቃላይ 86 በመቶ ያህሉ ድነዋል። በመሃል ባሉት ዙሮች ላይ የሺልደር መንገድ ከቀዝቃዛው ብልጫ አሳይቶ ነበር፤ የሙቀት ዘዴ ደጋፊዎች ይህን ይጠቅሳሉ። ግን በዚያ ጥናት ሁለቱ ዘዴዎች የሚለያዩት በመሙላት ብቻ አይደለም፤ ቦዩ የተቀረጸበት፣ የሰፋበት መንገድም አብሮ ይለያል። ሰፋ ብሎ የተቀረጸ ቦይ ደግሞ ማጠቢያው እስከ ታች እንዲደርስ ያደርጋል። ብልጫው ከሙቀቱ መጣ ወይስ ከእጥበቱ? እኔ ወደ እጥበቱ አዘነብላለሁ። በዚያው ጥናት ውስጥ ከሁሉም ጎልቶ የታየው ልዩነት ሌላ ነው፤ ሕክምናው ሲጀመር በሥሩ ጫፍ ቁስል ያልነበረባቸው 93 በመቶ፣ የነበረባቸው ግን 82 በመቶ ናቸው የዳኑት። ማለትም ቀድማችሁ መምጣታችሁ ሐኪሙ ከሚገዛው ማሽን ሁሉ ይበልጣል!

ይህንኑ ነገር ስዊድኖቹ ቀደም ብለው አይተውታል። ሾግረንና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙት ሥራ በዚህ ሙያ ውስጥ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ 356 ሰዎችን ከሕክምናው ከ8 እስከ 10 ዓመት በኋላ መልሰው ጠርተው አዩ። ቁስል ያልነበረባቸው 96 በመቶ ደህና ነበሩ። ነርቩ ሞቶ ቁስል የነበረባቸው 86 በመቶ። ቀድሞ ተሞልቶ፣ ተበላሽቶ፣ ቁስል ይዞ እንደገና የተሠራው ግን 62 በመቶ ብቻ። ነርቩ ሞቶ ቁስል ያለበትን ጥርስ ደግሞ በመሙያው ርዝመት ከፋፍለው አዩት። ከሥሩ ጫፍ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ የቆመ መሙያ ያለበት 94 በመቶ ድኗል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ያጠረው 68 በመቶ። ከጫፉ አልፎ የወጣው 76 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች ተመልከቷቸው። የተሞላው በዚያው በጉታ ፐርቻ ነው። ልዩነቱ የጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ94 ወደ 68 ያወረደው። ያጠረ መሙያ ማለት ብዙ ጊዜ ከሱ በታች ያለው ቦይ አልተጸዳም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ይሄ ነው። «ዳነ» የምንለው መቼ ነው? አጥንት ቶሎ አይሞላም። ስትሪንድበርግ የሚባል ስዊድናዊ በ1956 እስከ አራት ዓመት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ጽፏል። ኖርዌይ ውስጥ በርገን ከተማ ያሉት ፍሪስታድ፣ ሞልቬን እና ሃልሴ ደግሞ ከዚያ በጣም ርቀው ሄዱ፤ ሁለተኛ ጊዜ የተሠሩ ጥርሶችን ከ20 እስከ 27 ዓመት በኋላ መልሰው ራጅ አነሷቸው። ከአሥር ዓመት ቀደም ብሎ ሲታዩ 85.7 በመቶ ደህና የተባሉት ሥሮች በዚህኛው ጊዜ 95.5 በመቶ ሆነው ተገኙ። ዘግይተው የዳኑ አሉ ማለት ነው! በተለይ መሙያው ከጫፉ አልፎ ትንሽ የወጣባቸው፣ ዙሪያቸው ጥላ የነበረባቸው፣ ዓመታት ወስደው ቀስ ብለው አጥንት ለበሱ። ስለዚህ ምንም የማያምም ጥርስ ላይ በስድስተኛው ወር ትንሽ ጥላ ስለታየ ብቻ «ይነቀል» ለሚል ሰው አትቸኩሉ። ጥላው እያነሰ ነው ወይስ እያደገ ነው፣ ጥያቄው ያ ነው። መልሱን የሚሰጠው ሁለት ራጅ ጎን ለጎን ማየት ነው።

ስለ ቁጥር ከተነሳ አይቀር፣ ማስታወቂያ ላይ «97 በመቶ ስኬት» የሚል ካያችሁ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከኢንሹራንስ መዝገብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ጥርስ አየ፤ ከ8 ዓመት በኋላ 97 በመቶው አፍ ውስጥ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የቆጠረው ጥርሱ አለመነቀሉን ነው፤ ሥሩ መዳኑን አይደለም። ጥርስ ቁስል ይዞ፣ ምንም ሳያምም፣ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የመዳን ቁጥር ብዙ ጊዜ ከመቆየት ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ሕዝብን ማሳሳት ነው።

ከዚያው ጥናት ግን ለእናንተ የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። ከተነቀሉት ጥርሶች መካከል 85 በመቶው ከላያቸው ሙሉ ሽፋን፣ ማለትም ክራውን፣ ያልተደረገላቸው ነበሩ።

ክራውን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ሀገር ብዙ ጥርስ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው ብዬ ስለማምን። ሩት ካናሉ ሲያልቅ ሕመሙ ይቆማል። ሕመሙ ሲቆም ሰው ይረሳል። ክራውኑ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል፣ ርካሽም አይደለም። «ደሞዝ ስቀበል» ይባላል፣ ከዚያ «ከበዓሉ በኋላ» ይባላል፣ ከዚያ ጊዜያዊው ሙሌት ይለቅና ምራቅ ይገባል። ወይም ጥርሱ ቆሎ ሲበላ ለሁለት ይሰነጠቃል። የውስጡ ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ለሁለት የተሰነጠቀ ሥር አይድንም፤ መንቀል ነው። በተለይ የኋላ መንጋጋ ጥርስ ትልቅ ኃይል ስለሚያርፍበት ሽፋን ይፈልጋል። የፊት ጥርስ ብዙ ካልተቦረቦረ በጥሩ ሙሌት ብቻ ሊሄድ ይችላል።

ሬይ እና ትሮፕ የሚባሉ ሰዎች በ1995 ይህን ነገር በ1,010 ጥርሶች ራጅ ላይ አዩት። የውስጡም የላዩም ሥራ ጥሩ የሆነበት 91 በመቶ ያህሉ ጤነኛ ነው። ሁለቱም መጥፎ የሆነበት 18 በመቶ። የሚገርመው መሃሉ ነው፤ ውስጡ ጥሩ ሆኖ ላዩ መጥፎ የሆነው 44 በመቶ ብቻ፣ ውስጡ መጥፎ ሆኖ ላዩ ጥሩ የሆነው ግን ወደ 68 በመቶ። ይህ ሲታተም ሙያው ተናወጠ። በኋላ የመጡ ሌሎች ጥናቶች ውጤቱን በከፊል ተቃወሙት፤ በ2011 ብዙ ጥናቶችን የደመረ ሥራ ሁለቱም ተመጣጣኝ ክብደት አላቸው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። የላዩ ከውስጡ ይበልጣል አልልም። ያለ ላዩ ግን የውስጡ ብር በከንቱ የወጣ ብር ነው።

ከውጭ ሀገር ለእረፍት ለምትመጡ ወገኖቻችንም ይህን ማለት እፈልጋለሁ። እዚያ ውድ ስለሆነ እዚህ ስታሠሩ ደስ ይለኛል፤ ግን ሩት ካናሉን የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትጀምሩት። ጊዜያዊ ሙሌት ይዛችሁ አውሮፕላን ትወጣላችሁ፣ እዚያ ስትደርሱ ሥራ ይጠብቃችኋል፣ ክራውኑ ሳይሠራ ዓመት ያልፋል። ስትመጡ መጀመሪያ ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ዘመድ ጥየቃ።

ስለ አዲሱ ባዮሴራሚክም ሳልናገር አልወርድም፤ ጥያቄውን በጽሑፍ የላካችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ዘሩ የሚመዘዘው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ ካወጡት ኤምቲኤ ከሚባል ሲሚንቶ ነው። እርጥበት አይፈራም፣ እንዲያውም እርጥበት አግኝቶ ነው የሚጠነክረው፣ ሰውነትም ይስማማዋል። አሁን በማሸጊያ መልክ ቀጥኖ መጥቷል፤ አንድ የጉታ ፐርቻ ስንጥር ከብዙ ማሸጊያ ጋር ይገባል፣ ሥራው ያልቃል። ፈጣን ነው። በ2018 የታተመ ሥራ በዚህ መንገድ የተሞሉ 307 ጥርሶችን በአማካይ ለሁለት ዓመት ተኩል ተከታትሎ ወደ 91 በመቶ ስኬት አግኝቷል። ጥሩ ቁጥር ነው። ከድሮው ጋር የሚተካከል እንጂ የሚያስንቅ ግን አይደለም። የክትትሉ ዘመንም ገና አጭር ነው፤ ሬዚሎን ምን እንዳሳየን አትርሱ። ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ማሸጊያ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ስንጥሩ ካልደረሰበት ቦታ ማውጣት ያስቸግራል። እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ፣ በተለይ የሥሩ ጫፍ ሰፊ በሆነበት። ግን «ባዮሴራሚክ ስለሆነ» ብሎ እጥፍ ዋጋ ማስከፈልን አልደግፍም።

ታዲያ ምን እንጠይቅ ላላችሁኝ፦ ከሁሉ በፊት «ላስቲኩን ትጠቀማለህ ወይ?» በሉት። ራበር ዳም የሚባል ስስ የጎማ ላስቲክ አለ፤ የሚታከመውን ጥርስ ብቻ አውጥቶ ሌላውን አፍ ይሸፍናል። ምራቅ ማለት ባክቴሪያ ማለት ነው። ቦዩን እያጸዱ በዚያው ምራቅ እንዲገባ መተው ምን ይባላል? በታይዋን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጥርስ በታየበት መዝገብ፣ ላስቲኩ የተደረገላቸው ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ 90.3 በመቶ፣ ያልተደረገላቸው 88.8 በመቶ አፍ ውስጥ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በዚያ ሁሉ ጥርስ ላይ ሲሰላ ግን በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ነው። ላስቲኩ ደግሞ ውድ አይደለም። በተጨማሪም በረኪናው ጉሮሯችሁ ውስጥ እንዳይገባ፣ ቀጭኗ ብረት እንዳትውጧት ይጠብቃችኋል። ላስቲኩ ያስጨንቀኛል የሚል ሕመምተኛ አውቃለሁ፤ ለትንሽ ደቂቃ ታገሡት፣ ይለመዳል።

ከዚያ የመጨረሻውን ራጅ «አሳየኝ» በሉት። ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ነጩ መስመር ወደ ሥሩ ጫፍ ተጠግቶ ቆሟል? መሃሉ ላይ ጥቁር ክፍተት አለ? መንጋጋ ጥርስ ከሆነ ስንት ቦይ ተገኘ? የላይኛው የመጀመሪያ ትልቁ መንጋጋ ብዙ ጊዜ አራተኛ ቦይ አለው፤ ሦስት ብቻ ተሞልቶ ሕመሙ ካልተወ ያልተገኘ አራተኛ ሊኖር ይችላል። ስትጠይቁት የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሥራውን የሚወድ ሰው ሥራውን ማሳየት ይወዳል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ የእኔ ከተሠራ አሥራ ምናምን ዓመቱ ነው፣ አያመኝም፣ ልምጣ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እማማ፣ ይምጡ አልኳቸው። አንድ ራጅ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ዱሮ የተነሱት ካለም ይዘውት ይምጡ። ለሌሎቻችሁም የምለው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ሩት ካናል የምታሠሩ ሰዎች የመጨረሻውን ራጅ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ቀኑን ጻፉበት፣ በዓመቱ ተመልሳችሁ ሌላ ተነሱ፣ ከዚያ በአራተኛው ዓመት አንዴ ድገሙት። ክሊኒኩ ቢዘጋ፣ እናንተም ከተማ ብትቀይሩ፣ ያ ፎቶ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚያያችሁ ሐኪም ጥላው ማነሱን ወይም ማደጉን የሚያውቀው ከእሱ ነው።